ሳህንህን አንሳ

ማትሱያማ፣ ሜይ 10 ቀን 1987

ለተከበሩ ወይዘሮ ሚትሱዬ ሃማዋኪ፣

እኔ ቀድሜ መጻፍ ሲገባኝ የእርስዎ ደብዳቤ ቀደመኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሠላሳ ጎረምሳ በሚያድርበት ቤት ብዕር የሚያዘው ድስቱ ታጥቦ ካለቀ ብቻ ነው። እዚያ ደሴታችሁ ላይ ነፋሱ በረደላችሁ? እዚህ ብርቱካኑ አብቦ ከተማው በሙሉ በመዓዛው ታውዷል፤ የእኛ ቤት በር ላይ ሲደርስ ግን የልጆቹ ካልሲ ያሸንፈዋል።

ስልክ ያልደወልኩት ንቄዎት አይደለም። ስልኩ ያለው ባለቤቴ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የአሰልጣኝ ጆሮ ባለበት ደግሞ ስለ ልጅ በነፃነት አይወራም። በደብዳቤ ይሻለናል።

ወደ ጥያቄዎ ልግባ። ቶሞያ ይበላል፤ እንዲያውም ሩዙን ሦስት ጊዜ ያስደግማል። የቤዝቦል ኳስ የሚወረውርበት የግራ ክንዱ የትምህርት ቤቱ ሁሉ ተስፋ ሆኗል። ባለቤቴ እራት ላይ «ዘንድሮ ግራኙ ያስገባናል» ይላል፤ የሚያስገባን ኮሺየን ነው፤ የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ትልቁ የውድድር ሜዳ። በጁላይ በሚደረገው የክፍለ ሀገሩ ውድድር አንደኛ የወጣ ትምህርት ቤት ብቻ ነው እዚያ ሜዳ የሚረግጠው።

ክንዱን እንዳይጎዱት ብለው መስጋትዎን ተረድቻለሁ። ጠዋት ጠዋት የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጠው ከምሰሶ ጋር ያስሩና ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ይጎትቱታል፤ ትከሻ ውስጥ ያሉትን ትንንሾቹን ጡንቻዎች ያጠነክራል ተብሎ ነው። ቀላል ብረትም ያነሳሉ። ከዚያ በኋላ መወርወር ነው፤ መወርወር፣ አሁንም መወርወር። ባለቤቴ «ክንድ የሚጠነክረው በመወርወር ነው» ብሎ የሚያምን የድሮ ሰው ነው። ብርድ ለትከሻ መርዝ ነው ብሎ ወርዋሪዎቹን ዋና ይከለክላቸዋል፤ በዚህ ሙቀት እንኳ ረጅም እጅጌ ያስለብሳቸዋል።

ደግሞም እኔ አለሁ። ወርዋሪ ሲያመው ለአሰልጣኙ ትንፍሽ አይልም፤ ሩዝ ፊት ግን መደበቅ አይችልም። የመብያ እንጨቱን የያዘው እጅ ይዘገያል፣ ባቄላው ያመልጠዋል፣ ወይም ልጁ ሳያውቀው እጅ ይቀይራል። አምና ሁለት ልጆችን እንዲህ ይዤ ለባለቤቴ ሹክ ብዬ አሳርፌያቸዋለሁ። የቶሞያ እጅ ግን እንጨቶቹን ሲይዝ ለማየት ያምራል። ስለዚህ አይስጉ።

ጠባዩን ሳልደብቅ እንድነግርዎ አጥብቀው ስለጠየቁኝ ብቻ አንዲት ነገር ልበል። በቅርቡ ሲበላ የሩዝ ሳህኑን በእጁ ወደ አፉ ማንሳት ትቷል። ሳህኑ ወደ እሱ አይመጣም፤ እሱ ነው አንገቱን ደፍቶ ወደ ሳህኑ የሚሄደው። ሌላ ልጅ ቢሆን በጭልፋ አናቱን እለው ነበር፤ የእርስዎ ልጅ ዓይን ግን ያሳዝነኛል። ድካም ይሆናል። እባክዎ ከእኔ መስማትዎን አይንገሩት።

ፉሳዬ ኒኖሚያ
የማደሪያው እናት


ጎቶ ደሴት፣ ሜይ 19 ቀን 1987

ለተከበሩ ወይዘሮ ኒኖሚያ፣

ደብዳቤዎን ቆሜ ጀመርኩት፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ። አፈርኩ። የሰው ቤት የላክነው ልጅ እንዲህ ሲሆን እናቱ ምን ስታስተምረው ኖረች ቢባል ምን እመልሳለሁ? አባቴ ሳህኑን ሳያነሳ የበላውን ልጅ «አንተ ከውሻው ጋር በረንዳ ላይ ብላ» ብሎ ያስወጣው ነበር። እኔም አንድ ጊዜ ወጥቻለሁ። በቶሞያ ስም ይቅርታዎን እለምናለሁ።

የእጁን አያያዝ ስላመሰገኑልኝ ደግሞ ደስ አለኝ፤ ብዙ የለፋሁበት ነው። ቶሞያ ከተወለደ ጀምሮ ግራኝ ነው። አራት ዓመት ሲሞላው ግራ እጁን በፎጣ ከወገቡ ጋር እያሰርኩ በቀኝ መብላትና መጻፍ አስለመድኩት። ሲያለቅስ አባቱ መስማት አቅቶት ጀልባው ውስጥ ገብቶ ይደበቅ ነበር። «ግራ እጅህ ሥራ አጣሁ ካለ ሳህን ይያዝ» እለው ነበር፤ እውነትም ሳህን ያዥ ሆኖ ቀረ። ኳስ ሲወረውር ብቻ ነው ግራው ወደ ጌትነቱ የሚመለሰው።

ስለ ብረት ፋብሪካው ሰው እዚያም ሳይወራ አይቀርም፤ እውነት ነው። በማርች መጥቶ እዚሁ ቤታችን ተቀምጦ ሻይ ጠጥቷል። ፋብሪካው የራሱ ቡድን አለው፤ ቶሞያ በጁላይ ጥሩ ከወረወረ ሥራ ሊሰጡት ነው፤ ጠዋት ሥራ፣ ከሰዓት ኳስ። አባቱ መረቡን ጥሎ ባዶውን የሚመለስበት ቀን በዝቷል። ልጄ በዚያ ጀልባ ላይ እንዲያረጅ አልፈልግም። ስለ ክንዱ እየደጋገምኩ የማሰለችዎትም ለዚህ ነው፤ ከዚያ ክንድ ሌላ የምናወርሰው የለንም።

ለቶሞያ ዛሬውኑ ጽፌለታለሁ። የእርስዎን ስም አላነሳሁም። «የትም ብትቀመጥ የእናትህን ፊት ይዘህ ነው የምትቀመጠው። ሳህንህን አንሳ» ብዬዋለሁ። ልጄ የማይሰማኝ ልጅ አይደለም።

ጥቂት የደረቀ ዓሣ ልኬያለሁ፤ ለሾርባ ይሆናል። ለሠላሳ ልጅ እንደማይበቃ አውቃለሁ፣ አይታዘቡኝ።

ሚትሱዬ ሃማዋኪ


ማትሱያማ፣ ጁን 7 ቀን 1987

ለተከበሩ ወይዘሮ ሃማዋኪ፣

ዝናቡ ገባ። ሠላሳ የጭቃ ልብስ ኮሪደር ላይ ተሰጥቶ እያንጠባጠበ ነው የምጽፍልዎት። ዓሣው ደርሶኛል፤ ባለቤቴ ሾርባውን ቀምሶ «ምን አግኝተሽ ነው?» አለኝ። ከእሱ አፍ ይህ ምስጋና ነው።

የእርስዎም ደብዳቤ ሥራውን ሠርቷል። ቶሞያ ባነበበ ማግስት ሳህኑን አነሳ። ኳስ ተቀባዩ ዳይጎ፣ አፉ ሥራ የማይፈታው ልጅ፣ ወዲያው አየውና «ምነው፣ እናትህ ጆሮህን ቆንጥጣ በፖስታ ላከችልህ?» አለው። ቶሞያም «አዎ፣ ቴምብርም ለጥፋበታለች» አለ። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን ቶሞያ አንዲቱን ሳህን ፈጠን ፈጠን አድርጎ ጨርሶ ተነሳ። አሁን ሩዝ አያስደግምም። ስጠይቀው «እትዬ፣ ከውድድሩ በፊት ሰውነቴን ላቅልል ብዬ ነው» ይላል።

ለክንዱ ስለሚሰጉ የዕረፍት ቀን ነገር ለባለቤቴ በዘዴ አነሳሁለት። ዕረፍት የለም። ሲዘንብ በጣሪያው ሥር ይወረውራሉ። ባለፈው ሳምንት ከከተማ አንድ ወጣት የስፖርት መምህር መጥቶ የውርወራውን ብዛት መቁጠርና ማሳረፍ ያስፈልጋል፣ ከልምምድ በኋላም ክንዱ ላይ በረዶ ይያዝበት ብሎ ነበር። ባለቤቴ ሻይ ቀድቶለት በትሕትና አዳመጠው። ሲሸኘው ወደ እኔ ዞሮ «በረዶ ለዓሣ ነው» አለ፤ በዚያው ቀረ።

ብዕሬን ያነሳሁት አንድ ነገር ልጠይቅዎ አስቤ ነበር። ግን ገና ለራሴም አልጠራልኝም፤ እናትን በግምት ማስደንገጥ ነውር ነው። ይቆየኝ።

ፉሳዬ ኒኖሚያ


ጎቶ ደሴት፣ ጁን 19 ቀን 1987

ለተከበሩ ወይዘሮ ኒኖሚያ፣

ያለ ሰላምታ የመጣው አጭሩ ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ሰላምታውን ስለዘለሉ አልተቀየምኩም፤ እኔም ቶሎ ልመልስ።

ጥያቄዎ ቶሞያ እዚህ ቤት ሳለ ሳህኑን ሳያነሳ በልቶ ያውቅ እንደሆነ ነው። በፍጹም። አንድም ቀን። ለአዲስ ዓመት ሲመጣ እንኳ በግራ እጁ አንስቶ፣ ሾርባውን ጨልጦ፣ ዘርግቶ «ድገሚኝ» እያለ ነው የሄደው።

እዚህ ድረስ ጽፌ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ወጥ ቤት ገብቼ ባዶ ሳህን በግራ እጄ ያዝኩና ወደ አፌ አመጣሁት። ክርኔ እስከ መጨረሻው ታጠፈ። አወረድኩትና እንደገና አመጣሁት። ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆይቷል ለካ። «ምን ሆነሽ ነው ባዶ ሳህን የምትበይው?» አለኝ።

«ቶሞያ የሚወረውረው በየትኛው እጁ ነው?» አልኩት።

«አብደሻል? በግራው ነዋ» አለ። ከዚያ የያዝኩትን ሳህን አየ።

ወይዘሮ ኒኖሚያ፣ ልጄ ባለጌ አልሆነም ነበር። ክርኑ አልታጠፍ ብሎት ነው። እኔ ደግሞ አንሳ አልኩት፤ እሱም እሺ ብሎ አነሳ። የሚያምነን ሁለት ሰዎች ነበርን፤ እርስዎ ቀኙን አዩ፣ እኔ ግራውን አስገደድኩት። አንድም ሩዝ ሳያስደግም የሚነሳው ለምን እንደሆነ አሁን ይገባኛል።

ለዚያ ደብዳቤዬ የሰጠኝ መልስ እዚህ አለ። «አነሳለሁ እማዬ። አንቺ ግን እስከ ጁላይ መጨረሻ ምንም አትጠይቂኝ» ይላል። ሳነበው ስለ ፈተናው መስሎኝ ነበር።

ለአሰልጣኙ ይነገር ወይስ አይነገር ብለው ጠይቀውኛል። ባለቤቴ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አድሮ ጠዋት «ፋብሪካው ይቅር» አለ። እኔም ይቅር እላለሁ፤ እያለቀስኩ ነው የምለው፣ ግን ይቅር። ይንገሩልኝ። ቶሞያ የነገረበትን ሰው እንደሚጠላ አውቃለሁ። ጥላቻው ወደ እኔ ይምጣ፤ «እናትህ ናት የተናገረችው» ይበሉት። እርስዎ በየቀኑ ፊቱን የሚያዩት ሰው ነዎት፤ እኔ ሩቅ ነኝ፣ እችለዋለሁ።

ሚትሱዬ


ማትሱያማ፣ ጁን 28 ቀን 1987

ለተከበሩ ወይዘሮ ሃማዋኪ፣

በመጀመሪያ፣ ልጁ ደህና ነው፤ ከሐኪም ቤት ተመልሶ ፎቅ ላይ ተኝቷል። አሁን በቅደም ተከተል ልንገርዎ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዕለት እራት ላይ «እንጨቶቻችሁን አስቀምጡ» አልኳቸው። «ሁላችሁም በጣታችሁ ትከሻችሁን ንኩ፤ በቀኝ እጅ ቀኝ ትከሻ፣ በግራ እጅ ግራ ትከሻ።» ዳይጎ «እትዬ፣ እራት ነው ወይስ ጂምናስቲክ?» አለ፤ እየሳቁ ነኩ። የቶሞያ ግራ እጅ ግን አየር ላይ ቀረ። ከትከሻው አንድ መዳፍ ያህል ሲቀረው ቆመ፤ ቢገፋው፣ ቢገፋው አልሄደም። ሳቁ ከዳር ጀምሮ አንድ በአንድ ጠፋ።

ለባለቤቴ በማግስቱ ጠዋት ነገርኩት። እንዴት እንደነገርኩት ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ አይኖርም። እሱም በወጣትነቱ ወርዋሪ ነበር። ወርውሮ ወርውሮ ቀኝ ክንዱ አልታጠፍ ካለው ወዲህ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ። ከተጋባን ጀምሮ በየጠዋቱ አገጩን ቀና አድርጎ ፊቴ ይቆማል፣ እቆልፍለታለሁ፣ ይሄዳል። ስለ እሱ አንድ ቀን አውርተን አናውቅም። ያን ዕለት ቁልፉን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ቆልፊው እንጂ፣ ረፈደ» አለኝ።

«የግራኙንስ ማን ይቆልፍለታል?» አልኩት።

«የምን ግራኝ? ምን እያልሽ ነው?»

«ትከሻውን መንካት አይችልም። እንዳንተ ሆኗል።»

ተቆጣ። ሴት ስለ ኳስ ምን ታውቃለች አለ፤ ሌላም ብዙ አለ። እኔ ቁልፉን ለቅቄ ወደ ድስቴ ሄድኩ። ራሱ ሊቆልፈው ሲታገል ከኋላዬ ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር። በኋላ ደረጃውን ወጥቶ «ቶሞያ፣ ጫማህን አድርግ» ሲል ሰማሁ። አንገቱ ክፍት እንደሆነ ልጁን ይዞ ሐኪም ቤት ሄደ። እሱን እንዲያ ሆኖ ከተማ ውስጥ ያየ ሰው የለም።

ልጆቹ ራሳቸው ለዚህ በሽታ ስም አላቸው፤ «አይጥ ገባበት» ይላሉ። ከክርኑ ውስጥ ትንሽ የአጥንት ስባሪ ተላቅቃ መገጣጠሚያው መሃል ትንከላወሳለች፤ እሷ ናት እንዳይታጠፍ የምትከለክለው። በቀዶ ሕክምና ትወጣለች። ከዚያ እስከሚመጣው ጸደይ ኳስ አይነካም። በጁላይ ወርውሮ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሐኪሙ ለባለቤቴ ነግሮታል። ባለቤቴ ለእኔ አልነገረኝም፤ ዓይኑን አይቼ እኔም ተውኩት።

እናትህ ናት በሉት ብለውኝ ነበር። አላልኩም። «እኔ ነኝ» አልኩት። ይኸው ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም፤ ሳህኑንም ራሱንም አያነሳም። ይሁን። እኔ ሠላሳ ልጅ ያኮረፈኝ ሰው ነኝ፣ ለምጄዋለሁ። እናት ግን ያለችው አንዲት ብቻ ናት።

ፉሳዬ


ጎቶ ደሴት፣ ኦገስት 23 ቀን 1987

ለተከበሩ ወይዘሮ ኒኖሚያ፣

ቀዶ ሕክምናው ካለቀ ጀምሮ ለደብዳቤዎ መልስ ልጽፍ ስል እጄ እየከበደኝ ቆየ፤ ይቅርታዎን። ሙቀቱ ገና አልለቀቀንም። እናንተስ ቤቱ ባዶ ሲሆን ጭር አላላችሁም?

ቡድኑ በሁለተኛው ጨዋታ መሸነፉን በሬዲዮ ሰማን። ለማገገም ቤት የመጣው ቶሞያ ሬዲዮውን አላጠፋውም፤ እስከ መጨረሻው አዳመጠና ወጥቶ ምሰሶው ላይ ያሰርነውን ጎማ ሲጎትት አመሸ። ይህን የፈቀደለት ሐኪሙ ነው፤ በቀስታ፣ ሳያመው። ዳይጎ ደውሎለት ነበር። ስለ ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም፤ ስልኩን ሲዘጋ ግን እየሳቀ ነበር። ቤት ከመጣ ወዲህ ሳቁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ሐኪሙ ለክንዱ አንድ ሌላ ነገር አዟል። ባልዲ ሙሉ ጥሬ ሩዝ ውስጥ እጁን እስከ አንጓው ከትቶ መጨበጥና መዘርጋት ነው። በሩዝ መጫወት ከብዶኝ ነበር፤ አባቱ አምና ነቀዝ የነካውን ከጓዳ አውጥቶ «ይኸው፣ ይህ ሩዝ ለሰው ካልሆነ ለክርን ይሁን» አለ። ጠዋትና ማታ ኩርሽ ኩርሽ ሲል ይሰማኛል።

የፋብሪካውን ነገር ጠይቀዋል። ሰውዬው «ክንዱ ሲድን እናየዋለን» ብሎ ጽፏል። ይህ እንቢታ ይሁን ተስፋ እኔ መለየት አልችልም፤ ባለቤቴም አይችልም። ቶሞያ አላነበበውም፤ አንብብ አላልኩትም።

ይጠላኛል ወይ ብለው ስለ ራስዎ ለጠየቁኝ፦ በመጣ በሦስተኛው ቀን እኔ ነኝ የነገርኩት። «ወይዘሮ ኒኖሚያ ባትነግርህም እኔ ጠይቄያት ነው የተናገረችው» አልኩት። «ሁለታችሁም እኔ ነኝ ትላላችሁ። የትኛችሁን ልኩረፍ?» አለኝ። እንግዲህ እርስዎ ይፍረዱ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርዎና ልጨርስ። በመጣ በመጀመሪያው ማታ እራት ስናቀርብ ቶሞያ በፋሻ የተጠቀለለ ክንዱን ጭኑ ላይ አድርጎ ሳህኑን እያየ ተቀመጠ። አላነሳውም፣ አንገቱንም አልደፋም፤ እኔን ነው የሚጠብቀው። እኔም እሱን። ባለቤቴ የራሱን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አፉን እስከ ሳህኑ አወረደና እየተንጣጣ መብላት ጀመረ። ቀና ሲል አገጩ ላይ ሩዝ ነበር። «ምን ታዩኛላችሁ? ዛሬ ሁላችንም ውሾች ነን» አለ። እኔም ሳህኔን አስቀመጥኩ። አባቴ ቢያየኝ ሦስታችንንም በረንዳ ያስወጣን ነበር።

ሚትሱዬ


ማትሱያማ፣ ኖቬምበር 15 ቀን 1987

ለተከበሩ ወይዘሮ ሃማዋኪ፣

ብርቱካኑ በስሏል፤ አንድ ሳጥን በመርከብ ልኬያለሁ። ቶሞያ ይሻለዋል። የዘንድሮ ተመራቂዎች፣ እሱም ጭምር፣ ከቡድኑ የተሰናበቱ ቢሆኑም ጎማውን ሲጎትት ታናናሾቹ አጠገቡ ይሰለፋሉ፤ ክርናቸው ሲርቅ «ጠጋ አድርግ፣ ትከሻህን አትስቀል» እያለ ያርማቸዋል። ከእኔ ጋር ታርቀናል። እንዴት እንደታረቅን ግን አላውቅም፤ አንድ ቀን «እትዬ፣ ሩዝ ድገሚኝ» አለ፣ በቃ።

ባለቤቴ አሁንም ስለ በረዶ ይነጫነጫል። ይሁንና ጓዳዬ ውስጥ የበረዶ ማስቀመጫ ሣጥን ገብቷል፤ ማን እንደገዛው የሚናገር የለም። ሰኞ ውርወራ የለም። እሑድ እራት ላይ ሁሉም ትከሻውን ይነካል፤ የሚያዝዘው እሱ ራሱ ነው። ሳህኑን ያላነሳ ልጅ ካለ ቁጣ ቀርቶ «አሳየኝ እስቲ» ይባላል። እርግጥ አንዳንዱ በስንፍና ነው የማያነሳው፤ እሱን እንደ ድሮው በጭልፋ እለዋለሁ።

ይፈርዱብኛል ወይ ብለው የጠየቁኝን አልረሳሁም። አይ፣ አልፈርድብዎትም። ሁለታችንም ያየነው ጥሩ አድርጎ የሚበላውን እጅ ነበር። ይህን ካልኩ በኋላ ሁለተኛ አይጠይቁኝ።

ፉሳዬ


ጎቶ ደሴት፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 1988

ለተከበሩ ወይዘሮ ኒኖሚያ፣

አዲሱ ዓመት ለእርስዎና ለባለቤትዎ የጤና ይሁን። ባለፈው ዓመት ያስቸገርንዎትን ሁሉ አይቁጠሩብን።

ይወረውራል ወይ ብለው ለጠየቁኝ፣ ገና ነው። ሐኪሙ ከማርች ጀምሮ፣ ከቅርብ፣ በቀስታ ብሎታል። አባቱ ከአሁኑ አሮጌ የእጅ ጓንት ፈልጎ ዘይት እየቀባ ነው፤ ኳስ ቀልቦ የማያውቅ ሰው። ፋብሪካው በሚመጣው መከር እንሞክረዋለን ብሏል፤ እንደ ድሮው ተስፋ አልሰጠም። ቶሞያ እስከዚያው ከአባቱ ጋር ጀልባ ላይ እሠራለሁ ይላል። ስሰማው ደረቴን አልወጋኝም፤ ለምን እንደሆነ ልንገርዎ።

የአዲስ ዓመት ጠዋት ሾርባውን አቀረብኩ። ከኦገስት ወዲህ እንደለመድነው እኔም ባለቤቴም ሳህናችንን ጠረጴዛው ላይ ትተን አንገታችንን ደፋን። ቶሞያ አየንና «ዛሬ በዓል ነው፣ ምን ሆናችኋል?» አለ። ከዚያ ሳህኑን በግራ እጁ አነሳው። ሞልቶ ነበር። እስከ አፉ አመጣው፣ ጨለጠው፣ ክርኑ እስከ መጨረሻው ታጥፎ ጣቶቹ ትከሻው አጠገብ ነበሩ። ከዚያ ባዶውን ሳህን በጠረጴዛው ላይ አሻግሮ ወደ እኔ ዘረጋው፤ ክንዱ ቀጥ ብሎ፣ ምንም ሳይጎብጥ።

«ድገሚኝ» አለ።

ጭልፋው እጄ ላይ ነበር፤ እኔ ግን ዓይኔ አላይ ብሎኝ ድስቱን እየዳበስኩ ጭልፋ እፈልጋለሁ። ባለቤቴ «አንቺ ሴትዮ፣ የልጁ ክንድ ደከመ እኮ» አለኝ።

ቶሞያ ሳህኑን እንደዘረጋ ነበር። «ተዋት አባዬ፣ ቀስ ብላ ትፈልግ» አለ። «አልደከመኝም።»

ሚትሱዬ